የጦር ምርኮኞች የአገልግሎት መዝገብ ማጣራት በአዲስ አበባ

የጦር ምርኮኛን የአገልግሎት መዝገብ ማጣራት ማለት በጠላት እጅ የወደቀ ወታደር በየትኛው ክፍል፣ በምን ማዕረግና ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገለ፣ የት እንደተማረከና እንደታሰረ፣ በመጨረሻም እንደተለቀቀ ወይም እንደሞተ በጽሑፍ ማስረጃ ማረጋገጥ ነው። በአዲስ አበባ ይህን የሚጠይቁት በብዛት የጡረታ ወይም የውርስ ጉዳይ ያላቸው ቤተሰቦች፣ የቀድሞ ወታደሮችና የታሪክ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ምልልሳቸውም ባመዛኙ ከሥድስት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባለው የመሐል ከተማ ክፍል ውስጥ ነው።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው አንድ ሰው ሁለት የማይተዋወቁ መዝገቦች ያሉት መሆኑ ነው። የራሱ ሠራዊት የያዘው ማኅደር ማገልገሉን ይናገራል፤ መማረኩን ግን ላያውቅ ይችላል፤ ሲማረክ ያላየው አለቃ በስሙ አንጻር «የጠፋ» ወይም፣ ከዚያ የባሰውን፣ «የኮበለለ» ብሎ ሊጽፍ ይችላልና። የማራኪው ወገን ወይም የቀይ መስቀል መዝገብ ደግሞ መማረኩን ቢያረጋግጥም ክፍሉንና ማዕረጉን የሚጽፈው ምርኮኛው ራሱ እንደተናገረው ነው። መኮንን መሆኑ ከታወቀ የሚደርስበትን የፈራ ሰው ተራ ወታደር ነኝ ማለቱ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ በሁለቱ መዝገቦች መካከል የማዕረግ ልዩነት መገኘቱ ብቻውን የሐሰት ማስረጃ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. ያጸደቀችው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛው እንዲናገር የሚያስገድደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና የሠራዊት መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ካምፕ ከገባ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ የምርኮኛ ካርድ ሞልቶ ለቤተሰቡና በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሥር ላለው ማዕከላዊ የምርኮኞች መረጃ ኤጀንሲ እንዲልክ ሊፈቀድለት ይገባል። ካርዱ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል።

በመሐል አዲስ አበባ ጠያቂው በቅድሚያ ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ስታዲየም አካባቢ በራስ ደስታ ዳምጠው ጎዳና ላይ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ተለያይተው የቀሩ ቤተሰቦችን በማገናኘት አገልግሎቱ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር አብሮ ይሠራል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ ዛሬም ወመዘክር እያለ የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት የየዘመኑን ጋዜጦች ለማመሳከር ይጠቅማል። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በትዕግሥት ያከማቸው ሀብት ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ለሚጠይቅ ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

ከዓድዋ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጡት የጣልያን ምርኮኞች ጉዳይ ጥቅምት 17፣ 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል እልባት ስላገኘ እዚህ አይዘረዘርም።

የ1928ቱ ጦርነትና የአምስቱ ዓመት ዘመን ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ክተት ተብሎ የወጣው ጦር አብዛኛው በየጌታው ሥር የተሰለፈ ስለነበረ የእያንዳንዱ ወታደር ማኅደር አልነበረውም። ከክብር ዘበኛና ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሰዎች በቀር ፍለጋው የሚጀመረው ከወታደሩ ስም ሳይሆን ከአዝማቹ ስም ነው። ከዚህም በላይ ጣልያኖች በግንቦት 1928 ዓ.ም. ግዛቱ የኛ ሆነ ብለው ካወጁ በኋላ የተዋጋቸውን ሁሉ የሚቆጥሩት እንደ ሽፍታ እንጂ እንደ ጦር ምርኮኛ አልነበረም። ቀይ መስቀል ያለበት ጎዳና የተሰየመላቸው ራስ ደስታ የካቲት 17፣ 1929 ዓ.ም. ተይዘው ወዲያው ተገድለዋል፤ እንዲህ ላሉት የምርኮኛ መዝገብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ በርካታ ሰዎች ወደ ጣልያን አገር፣ በቀይ ባሕር ላይ ወዳለው ኖኩራ ደሴትና ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወዳለው ዳናኔ ተግዘዋል። ስለ ዳናኔ በጣም የሚጠቀሰው ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ሚካኤል ተሰማ የሰጡት ምስክርነት ሲሆን፣ ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ ሞተዋል ይላል። ከጣልያን ወገን የሚገኙት ቁጥሮች ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ናቸው፤ ሆኖም እዚያ ከነበረ ሰው ይልቅ ያሰረውን ወገን የሚያምንበት ምክንያት ያለው አንባቢ ብዙ አይመስልም።

በጣልያን መዛግብት ውስጥ ስም መፈለግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጣልያንኛ የ«ሀ» ድምፅ ስለሌለው ኃይሉ «አይሉ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ወልደ ሥላሴ የሚገኘው በ«ኡ» ፊደል ሥር ነው። ፊታውራሪ ወይም ግራዝማች የሚለው ማዕረግ እንደ ስም ተቆጥሮ በዚያው ተራ ሊገባ ይችላል፤ የአባት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ ሰውየው በራሱ ሳይሆን በአባቱ ስም ይቀመጣል። መዝገብ ቤት ሠራተኛ «የአያትዎ ስም ማን ነው?» ብሎ አጥብቆ ሲጠይቅ ባለጉዳዩን ለማመላለስ አይደለም፤ የራሱም የአባቱም ስም ከሌላ ሰው ጋር አንድ የሆነ ሞልቷልና።

የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ያሳስታል። ራስ እምሩ እጃቸውን የሰጡት ታኅሣሥ 9፣ 1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህ በጣልያኖች አቆጣጠር ዲሴምበር 18፣ 1936 ነው። ቀኑን «9/4/29» ተብሎ ያገኘና አራተኛውን ወር ኤፕሪል ያደረገ ሰው ከትክክለኛው ጊዜ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ይርቃል። ራስ እምሩ የታሰሩት በፖንሳ ደሴት ነበር፤ ሙሶሊኒም በ1935 ዓ.ም. ክረምት ከሥልጣን ሲወርድ የታሰረው እዚያው ደሴት ላይ ነው።

ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ለአጣሪ ሥራ አልተወለትም፤ በየጽሑፉ 121 ወይም 122 ሰው ተሰውቶበትና 536 ቆስሎበት አንድም ምርኮኛ አላስወሰደም፤ የተሰዉትም አጽማቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

በሶማሊያ ጦርነት የተማረኩት፣ አብራሪው ለገሠ ተፈራን ጨምሮ፣ ሁለቱ መንግሥታት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. እስኪስማሙ ድረስ ወደ 11 ዓመት ታስረው በዚያው ዓመት ነሐሴ በቀይ መስቀል አማካይነት ተመልሰዋል። በሰሜን፣ በኤርትራ በምትገኘው በአፍዓበትና በሌሎች ግንባሮች ስለተማረኩት የደርግ ወታደሮች የሚገኘው፣ ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. በመበተኑ፣ ከመዝገብ ይልቅ የጓዶች ምስክርነት ነው።

ስለ ኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ግን ሰኔ 24፣ 1995 ዓ.ም. የሁለቱን አገሮች የጦርነት ካሳ ጥያቄ የተመለከተው የካሳ ኮሚሽን በዘ ሄግ የሰጠው ውሳኔ አለ። በውሳኔው መሠረት ኤርትራ ወደ 1,100፣ ኢትዮጵያ ወደ 2,600 ምርኮኞች ይዘው ነበር። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እንዲጎበኝ ስትፈቅድ ኤርትራ እስከ ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ድረስ ከልክላለች፤ በኢትዮጵያም በኩል በምግብና በመልቀቅ መዘግየት ጥፋት ተገኝቷል። የቀይ መስቀል ኮሚቴው የጉብኝት ሰነዶቹን ለኮሚሽኑ ለመስጠት ስላልፈቀደ ጉዳዩ በአብዛኛው በምርኮኞቹ የመሐላ ቃል ላይ ተመሥርቷል። ለግለሰቡ የሚተርፈው ዋና ነገር ይህ ነው፦ በ1991 ዓ.ም. በኤርትራ እጅ የነበረ ሰው ቀይ መስቀል ዘንድ የተመዘገበው ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን የተማረከበት ቀን ተደርጎ መነበብ የለበትም።

የቀይ መስቀል ኮሚቴው በእስር ላይ ሳሉ ለመዘገባቸው ሰዎች ጥያቄ ሲቀርብለት የእስር ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ ሰውየው የት እንደተጎበኘ ይመሰክራል እንጂ ስለ አገልግሎት ዘመኑ አይናገርም፤ በመሆኑም ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሠራዊቱ ማኅደር መመለስ፣ እዚያም የመለያ ቁጥሩን፣ የአያቱን ስምና የተሰለፈበትን ግንባር አንድ በአንድ ማስተያየት ይኖርበታል።