ቀኑን ሁሉ ትዝታዬ ነው

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ባለፈው ረቡዕ ከቤት ለቤት ኅብረታችን በኋላ አንዲት እህት ለብቻዬ አግኝታ "እኔ የጥሞና ሰው አይደለሁም መሰለኝ" አለችኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ለመነሳት ስንት ጊዜ ጀምራ ስንት ጊዜ እንደተወችው ነገረችኝ። ባለቤቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘርግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጣል። እሷ የአምስት ወር ልጅ አላት። ስትቀመጥ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ካልሆነም ሕፃኑ ያለቅሳል። እንባ አቅርራ ስታወራኝ ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ እንደሆነ ገባኝ። ያሳየናት አንድ መልክ ብቻ ነው፤ ማለዳ፣ ጸጥታ፣ ወንበር፣ ደብተር።

እስቲ ቃሉን እንየው። መዝሙር 119፥97 በቀድሞው ትርጉም "አቤቱ፥ ሕግህን እንደ ምን እጅግ ወደድሁ! ቀኑን ሁሉ እርሱ ትዝታዬ ነው" ይላል። ትዝታ! ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል ስለመረጡልን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ትዝታ ምን እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰዓት ጠብቀን አንጠራውም፤ ገበያ መሐል፣ ልብስ እያጠብን፣ መንገድ እየሄድን ራሱ ይመጣል። የሚመጣው ግን አስቀድሞ ልባችን የገባ ነገር ነው። ያላየነው አገር፣ ያልወደድነው ሰው ትዝ አይለንም። እንግዲህ የማለዳው ንባብ ቃሉን ወደ ልብ ማስገቢያ ነው፣ ጥሞናው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል።

መዝሙር 1፥2ም ወደዚሁ ይመራናል። "ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል" የሚለው በዕብራይስጡ ሀጋ የሚባል ግሥ ነው፣ በለሆሳስ ማሰማት፣ ማጉረምረም ማለት። ኢሳይያስ ይህንኑ ቃል ያደነውን ይዞ ለሚያጉረመርም አንበሳ (31፥4) እና ለምታለቅስ ርግብ (38፥14) ተጠቅሞበታል። ግዕዙም "ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ" ነው የሚለው። ስለዚህ ዝም ብሎ መቀመጥ ያልሆነለት ሰው አይፈር፤ የመጀመሪያው መዝሙር ብፁዕ ያለው ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች በአንዷ ጓሮ ነው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ማታ የልጅ ልጃቸው አንድ ጥቅስ ታነብላቸዋለች፣ እስኪይዙት ታስደግማቸዋለች። በማግስቱ ልጠይቃቸው ብሄድ የተጨመቀ ዋሳ፣ ከእንሰት የሚሠራውን ቆጮ፣ ጣውላ ላይ አድርገው ቃጫውን በቢላ ይከትፋሉ። ቢላው ሲያርፍ አንድ ቃል፣ ሲነሳ አንድ ቃል፣ አንዴ በሲዳምኛ አንዴ በአማርኛ፦ "እግዚአብሔር... እረኛዬ... ነው።" አጠገባቸው ቆሜ እንኳ አላዩኝም።

"እማማ፣ ዛሬ ምን ይዘው ዋሉ?" አልኳቸው።

ቢላውን ሳያስቀምጡ "ልጄ፣ ዳዊት እኮ 'እረኛ ነው' ብሎ አልተወውም" አሉኝ። "እረኛዬ ነው ያለው። እሷን 'ዬ' የምትለዋን ነው ከጠዋት ጀምሬ የያዝኳት።"

እኔ ያንን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። በዚያች "ዬ" ላይ ግን አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም ነበር።

አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወንድማችን ደግሞ ጥቅሱን በወረቀት ጽፎ ከመሪው ፊት ይለጥፋል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያያታል፣ ተሳፋሪ ሲገባ ይተዋታል። ሌላዋ እህት ካልዘመረችው አይገባትም፤ ጥቅሱን በራሷ ዜማ ታንጎራጉረዋለች። ጽፎ ካላየው የማይያዝለትም አለ። ይስሐቅ "በልቡ እያሰላሰለ በመሸ ጊዜ ወደ ሜዳ ወጥቶ ነበር" (ዘፍ 24፥63)፤ የእሱ ጊዜ ምሽት፣ ቦታውም ሜዳ ነበር።

የራሴንም ልናገር። አንድ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ዳር እስከ ዳር ለመጨረስ ቆርጬ ነበር። 1,189 ምዕራፍ ነው፤ በቀን ሦስት፣ እሑድ አምስት ብታነቡ በዓመት ያልቃል። ጨርሼዋለሁ፣ ጠቅሞኛልም፤ ዘሌዋውያንና ዕብራውያን እንዴት እንደሚነጋገሩ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ "ጠዋት ምን አነበብክ?" ብትሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬ ጠዋት ጥቂት ቁጥር አነባለሁ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ሐይቁ ዳር ከዋርካዎቹ ሥር እየተራመድኩ ያንኑ እመላለስበታለሁ። ለእኔ እግሬ ሲንቀሳቀስ ነው ልቤ የሚሰበሰበው።

በብሪስቶል ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገው ጆርጅ ሙለርም መንገዱን ለውጧል። ቢያንስ ለአሥር ዓመት ማለዳ ተነስቶ በቀጥታ ጸሎት ይጀምር ነበር፣ ሐሳቡ ግን ይበተንበታል። በ1841 እንደጻፈው፣ መጀመሪያ ቃሉን እያሰላሰለ ነፍሱን መመገብ ሲጀምር ጸሎቱ ከዚያው ይፈልቅ ጀመር። ይህንንም ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ እየተራመደ ያደርገው ነበር። እንደ እሱ ያለ የጸሎት ሰው የልማዱን ቅደም ተከተል ለመቀየር ካላፈረ እኛስ ለምን እናፍራለን?

ወጣቶች ስለ አተነፋፈስና አእምሮን ባዶ ስለማድረግ ትጠይቁኛላችሁ። በረጅሙ መተንፈስ ሰውነትን ያረጋጋል፣ ክፋት የለውም። የእኛ ጥሞና ግን ባዶነት ላይ አያቆምም፤ ማርያም ነገሩን ሁሉ በልቧ ታኖረው ነበር እንጂ ልቧን ባዶ አላደረገችም (ሉቃ 2፥19)።

ለዚያች እህት የሰጠኋት አንድ ጥቅስ ብቻ ነው፣ መዝሙር 121፥4፤ እስራኤልን የሚጠብቀው እንደማይተኛና እንደማያንቀላፋ የሚናገረውን። ሰዓት አልወሰንኩላትም። ሕፃኑን ስታጠባ በለሆሳስ በያት፣ ብትረሻትም አትጨነቂ አልኳት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልጇን አቅፋ መጣች። "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ነበር" አለችኝ። "ነቅተን የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን።"