ከእሳት በኋላ «አገገመ» ማለት ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ የስሜን ተራሮች ወሬ ሲነሳ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፦ «በ2011 ዓ.ም. ያ ሁሉ ተቃጥሎ፣ ክረምት ሲገባ ለመለመ። አገገመ እኮ!» ሰሞኑን ይህንኑ ከአንድ የተማረ ሰው ሰማሁት። በዚህስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መለምለም ሌላ፣ ማገገም ሌላ ነው። ዝናብ ያገኘ መሬት ሣር ያበቅላል። አገገመ የሚባለው የነበሩት ዕፅዋት በየቦታቸው ሲመለሱ ነው። ማን የት እንደሚመለስ ደግሞ እሳቱ ብቻውን አይወስንም። የመሬቱ አቀማመጥም ይወስናል።

ገበያ ተቃጠለ እንበል። ዕቃውን ምድር ቤት ያስቀመጠ ነጋዴ በሳምንቱ ይከፍታል። አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ እንዲህ ነው፤ ግንዱ ቢነድም አፈር ውስጥ ካለው ወፍራም ጉቶው ያቆጠቁጣል። ጓሳ የተባለው የደጋ ሣርም ከሥሩ ይመለሳል። ጅብራ ግን ምድር ቤት የለውም። አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ሳያብብ ከሞተ ዘሩ ከሌላ ቦታ በነፋስ መምጣት አለበት። እስከዚያው ባዶውን መደብ ሣር ይይዘዋል። መደቡ ያለበት ቦታም ለውጥ አለው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ አመዱንና አፈሩን ጠርጎበት ይሄዳል። ታች ያለው ያንን ይረከባል። በአንድ ቀን የተቃጠሉ ሁለት ቦታዎች ሁለት ዓይነት ዕፅዋት የሚያበቅሉት ለዚህ ነው።

«ታዲያ ቁልቁለቱ የባሰ ተጎዳ ማለት ነዋ?» ይለኛል ያው ሰው። እንደዚያም አይደለም። እሳት ሽቅብ ይሮጣል። በግምት ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ነበልባሉ ያስፈራል፣ ግን ቶሎ ስለሚያልፍ ሥሩ ሊተርፍ ይችላል። የደረቀ ቅጠል በብዛት የተከመረበት ረባዳ ግን ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ይቆያል፤ ሥሩን ያበስለዋል። ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ አለቱ እሳቱን ይቆርጠዋል። እዚያ የተረፉት ዕፅዋት ናቸው ለሌላው ዘር የሚሰጡት።

ፀሐይም አለች። በበጋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ወደ ደቡብ ያየው የተራራው ፊት ቀድሞ ይደርቃል። ሆኖም «ሰሜን እርጥብ፣ ደቡብ ደረቅ» የሚለው የአውሮፓ መጻሕፍት ሕግ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ስሜን ከምድር ወገብ የሚርቀው 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ የሁለቱ ፊቶች ልዩነት ይጠባል። ጉሙ በየትኛው ሰዓት የትኛውን ፊት እንደሚሸፍን ማየትም ግድ ነው። ውርጭም አይረሳ፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ወርዶ ይተኛል፣ አፈሩ ቢወፍርም ችግኙን ይገድለዋል።

ማገገሙን ማወቅ የፈለገ ሣሩን ትቶ ወጣት ጅብራ ይፈልግ። የአስታውን ቁመትም በየተዳፋቱ ያወዳድር። ከብት የገባበትን ቦታ ግን ለብቻው ይያዝ። ከብት ለጋውን ቡቃያ ይነጨዋል፣ ያኔ ስለ አቀማመጥ ያልኩት ሁሉ ይዛባል።