የሐዲድ ዱካ መከተል ምንድን ነው?

የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ ሳያስበው ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው። ብዙ ሰው ስሙ እንደ ለገጣፎና ለገዳዲ የኦሮምኛ ይመስለዋል። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ስለሆነ ቢመስለው አይፈረድበትም። ለገሃር ግን «ላ ጋር» ከሚለው የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ መሿለኪያ አለ። ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ ሰው ከድልድዩ ስር ይሿለክ ነበር። ባቡሩ ቀረ፤ ስሙ ግን አሁንም አለ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ባቡር ካቆመ በኋላም የሚቀር ነገር አለ። አፈሩ ላይ ይቀራል፣ በከተማው አቀማመጥ ላይ ይቀራል፣ በሰፈር ስምና በሽማግሌዎች ጨዋታ ውስጥ ይቀራል። ያንን የቀረውን እየፈለጉ በእግር መሄድ በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው። እኔ የሐዲድ ዱካ መከተል እለዋለሁ። አዳኝ ዱካ ሲከተል እንስሳውን አያየውም። ዱካው ግን ወዴት እንደሄደ፣ የት እንዳረፈ፣ የት ውሃ እንደጠጣ ይነግረዋል። ባቡርም እንደዚያው ነው። ውሃም ይጠጣ ነበር።

የውሃው ነገር ቀልድ አይደለም። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አንድ እርምጃ አይራመድም። ስለዚህ በቆላው ላይ ጣቢያ የት ይሁን ሲባል አንዱ ትልቅ ጥያቄ ውሃ የት ይገኛል የሚል ነበር። ቃሉ ራሱ ከእንፋሎት ነው የመጣው። «ባቡር» እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ የደረሰ ነው። ለዚህ ነው ድሮ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሁሉ ባቡር የተባለው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዝያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «ሰርኪስ ባቡር» ይባል ነበር። ገጠር ውስጥ የእህል ወፍጮን ባቡር የሚሉ እናቶች አሁንም አሉ።

ዱካው እንዴት ይታወቃል? ዋናው ምስጢር ባቡር ዳገት የማይወድ መሆኑ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ዳገቱ ቀጥ ካለ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ይቆርጡታል፣ ጎድጓዳውን ይሞሉታል፣ ገደሉን በሰፊው ይዞሩታል። ሐዲዱ ተነቅሎ ቢወሰድ እንኳ የተቆረጠው ኮረብታና የተሞላው አፈር የትም አይሄድም። ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ ወጣ ገባ የማይል፣ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ የአፈር ጀርባ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ከስሩ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራች ትንሽ የውሃ ማሳለፊያ ካገኛችሁ ጥርጣሬው አበቃ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሐዲድ ሐዲድ እያልኩ ብረት ብቻ ነበር የምፈልገው። በኋላ ነው ብረቱን ትቶ መሬቱን ማየት የሚሻል መሆኑ የገባኝ።

አሁን ወደ እኛው መስመር፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ወደሚመጣው፣ እንምጣ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። የሐረር ተራራ ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም፤ ወጪውም ከበደ። መስመሩ ሐረርን ትቶ በተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ አለፈ። በ1902 መጨረሻ ባቡር የገባበት ያ ሜዳ ከተማ ሆነ። «አዲስ ሐረር» አሉት። ድሬዳዋ የምንለው እሱን ነው። አንድ ትልቅ ከተማ የተወለደው ባቡር ዳገት ስለማይወድ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጓተተ። ኩባንያው ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በመስመሩ ላይ ተሻኮቱ። በ1908 ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ሆነ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ግን አንድ ሜትር ብቻ ነው። እላዩ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ነው የሚገርማችሁ። በአንድ ረዘም ባለ እርምጃ የምትሻገሩት ነገር የአገሪቱን ወጪና ገቢ ንግድ ለአሥርት ዓመታት ተሸክሟል።

ጉዞውን ከለገሃር መጀመር ጥሩ ነው። የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1929 ነው። ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። በ1930 ለኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ የቆመ ነው። ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት። በ1938 ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፉን የመዘዘው በዚህ አንበሳ ምክንያት መሆኑን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ሰምተናል። በኋላ አንበሳው ወደ ቦታው ተመለሰ። ንጉሡም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1936) አገር ጥለው የወጡት በዚሁ መስመር ነው፤ ወደ ጅቡቲ በባቡር። ይህን ሁሉ እያሰባችሁ አደባባዩ ላይ ትንሽ ቁሙ። የቀላል ባቡሩ ድምፅ ከአጠገባችሁ ይሰማል።

ከለገሃር ወደ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ የሚወስደው ክፍል አሁን በከተማ ተውጧል። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ አስፋልት ውስጥ ገብቷል፣ አንዳንድ ቦታ የጋራዥ ግቢ ሆኗል፣ አንዳንድ ቦታ ልብስ ይሰጣበታል። በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የድሮው ገበያ፣ የድሮው ሆቴል፣ አሮጌዎቹ ሱቆች የት እንደተሰበሰቡ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጣቢያው ነው የሚጠጉት።

መተሐራ አካባቢ መልኩ ይለወጣል። ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ሜዳውን ሞልቶታል። የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ መኪና መንገዱንና ሐዲዱን ስላስጨነቀ፣ ሁለቱም ከፍ ባለ ሙሌት ላይ ነው ውሃውን የሚያልፉት። ከዚያ አዋሽ ሰባት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ። የአዋሹ «ቡፌ» ሆቴል ከጣቢያው አጠገብ የተገኘው ለዚህ ነው። መንገደኛው ራቱን የሚበላበትና የሚያድርበት ቦታ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጣችሁ ሻይ ስትጠጡ ሐዲዱ ፊት ለፊታችሁ ነው።

አዋሽ ላይ ሌላም ትዝታ አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. ባቡር በአዋሽ አቅራቢያ ድልድይ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋ እንደሆነ ይነገራል። ዱካ የሚከተል ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት። እዚያ አካባቢ ስትደርሱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ለእኔ ግን የዚህ ጉዞ ልቡ ድሬዳዋ ነው። ጊዜ ካላችሁ ሌላውን ቀንሳችሁ እዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ። ከጣቢያው ወጥታችሁ ከዚራ ስትገቡ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የለበሱ ናቸው። የባቡሩ ሰዎች በዕቅድ የቀየሱት ሰፈር ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ንግዱ ይደምቃል። አንድ ከተማ ሁለት መልክ አለው፤ መሐሉ ላይ አሸዋማው ወንዝ አለ። ይህን በመኪና ሳይሆን በእግር ነው የምታዩት።

የጥገና ወርክሾፑ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጠይቃችሁ ከተፈቀደላችሁ ግቡ። ከፈረንሳይ የመጡ የድሮ ማሽኖች፣ የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎች፣ ሊቶሪናዎች (የራሳቸው ሞተር ያላቸው የመንገደኛ ፉርጎዎች) አሉ። የዘይቱ ሽታ እንኳ አልጠፋም። እዚህ የሠሩ ሰዎች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉ ናቸው። የሥራ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ የዕቃ ስም ሲጠሩ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና ፈረንሳይኛው ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛሉ። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ በኩል በባቡር ዕቃ እያመጡ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሴት ነጋዴዎችም የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። ስለ መሐንዲሶቹና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ እነዚህ ሴቶች የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ይቆጨኛል።

የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄዱን ያቆመው በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ተመረቀ። ፈጣን ነው፣ ያስፈልገናልም። ግን ለገሃር አይገባም፤ የመንገደኛው መነሻ ለቡ ነው። ድሬዳዋም ላይ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የድሮው ባቡር ከተማ መሐል ገብቶ ነበር የሚቆመው። እንጀራ ሻጯ፣ ተሸካሚው፣ ልጆቹ ሁሉ ከበውት። ልዩነቱ የሚሰማችሁ ሁለቱንም ጣቢያዎች በአንድ ቀን ካያችሁ ነው።

ውጭ ያላችሁም ይህን ልማድ ደጃችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ካላችሁ፣ ከአርሊንግተን ተነስቶ ፐርሰልቪል የሚደርሰው 72 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1968 የተዘጋ ባቡር መስመር ነው። ከጆርጅታውን ወደ ቤተስዳ የሚወስደውም እንዲሁ፤ ባቡሩ በ1985 ነው ያቆመው። እሑድ እሑድ የምትሮጡበት መንገድ ለምን ዳገት እንደሌለው አሁን ታውቃላችሁ። ኢየሩሳሌም ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ዕድለኞች ናችሁ። ከጃፋ ኢየሩሳሌም የሚመጣው መስመር በ1892 ሲከፈት የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ስፋቱም ያኔ እንደ እኛው አንድ ሜትር ነበር። ዛሬ የከተማው ክፍል መናፈሻ ሆኗል። ሐዲዱ እንዳለ ተትቶ በመሐሉ የእንጨት መራመጃ ተነጥፎበታል። እዚያ የሚራመድ ኢትዮጵያዊ ስለ ለገሃር ባያስብ ነው የሚገርመኝ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። በአዲሱ መስመር ላይ በፍጹም አትራመዱ። ባቡር ይሄድበታል፣ ከላይ ያለው ሽቦም ኃይለኛ ኤሌክትሪክ አለው። በድሮው መስመር ላይም ድልድይ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በአካባቢው ያለ ጥበቃ ካለ ጠይቁ። ቆላው ሲሞቅ ቀልድ የለውም። ጠዋት በጊዜ ተነሱ፣ ውሃ በደንብ ያዙ፣ ከአዋሽ ወዲያ ደግሞ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሐዲዱ ላይ ቤት የሠራ ሰው ካለ ያ ግቢው ነው፤ ሰላም ብላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ እለፉ። ብሎንም ሆነ ቁራጭ ብረት ለማስታወሻ ብላችሁ አታንሱ። ሐዲዱ በቁራጭ ብረት ስም ብዙ ተጎድቷል፤ እኛ ደግሞ አንጨምርበት።

ከብረቱ ይልቅ ስልካችሁን አውጡና ድምፅ ቅዱ። በመስመሩ ላይ ባሉት ከተሞች፣ አፍደምም ይሁን ሚኤሶ፣ ጣቢያው አካባቢ ጥላ ስር የተቀመጡ ሽማግሌ አታጡም። «አባባ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ነበር የሚገባው?» በሏቸው። ሰዓቱን ይነግሯችኋል። ከዚያ ማን ይወርድ እንደነበር፣ ምን ይሸጥ እንደነበር፣ ጣቢያ ሹሙ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይቀጥላሉ። የእኔ አንዱ ቅጂ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። መሐል ላይ ሽማግሌው ዝም ብለው ፊሽካውን በአፋቸው አሰሙኝ።