"ኬዜን ያበላሽብኛል"፦ ስለ ስደተኞች ድጋፍ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አገር የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መረጃ ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ አይደለም፤ ቀድሞት ከመጣ ሰው አፍ የሚወጣ ነው። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ቅን ነው። ግን መካሪው ያየው በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሕግ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር የሆነውን ነው። ወሬው ከሰው ሰው ሲተላለፍ ዝርዝሩ ይጠፋና "እዚያ ቢሮ እንዳትሄድ" የሚለው ብቻ ይቀራል። ከታች የማነሣቸው አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚወስነውን፣ የሚረዳውንና የሚደልለውን አንድ አድርጎ ከማየት የመጡ ይመስለኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

"ያለ ቪዛ የገባ ሰው ሕገ ወጥ ስለሆነ ምንም መጠየቅ አይችልም"

የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 ይህን ሁኔታ አስቀድሞ አስቦበታል። ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት አገር በቀጥታ የመጣ ሰው ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣናት ካቀረበና በቂ ምክንያት ካሳየ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ አይቀጣም። አንቀጽ 33 ደግሞ ሰውን ወደሚሳደድበት አገር መመለስን ይከለክላል። "ሳይዘገይ" የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል፤ "ትንሽ ልረጋጋና አመለክታለሁ" እያሉ ወራት ያሳለፉ ሰዎች በኋላ ለምን እንደዘገዩ ማስረዳት ይከብዳቸዋል።

ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል፤ ተቀባይነት ያገኘው ስደተኛ ነው፤ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ የመጣው ደግሞ ፍልሰተኛ ነው። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን የቤት፣ የገንዘብና የሥራ ፈቃድ መብት የሚለያየው በዚሁ ነው። ጎረቤትህ ያገኘውን አንተ ብትከለከል ቢሮው አድልቶ ላይሆን ይችላል፤ መደባችሁ ስለሚለያይ ነው።

"እርዳታ ድርጅት ከተመዘገብኩ ስሜን ለኢሚግሬሽን ያስተላልፉታል"

ይህን ፍርሃት የሚንቅ ሰው ስደትን አያውቅም። ስም መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ብቻ ሰው ከሚታሰርበት አገር የመጣ ሰው ቅጽ ሲቀርብለት ቢደነግጥ አይገርምም። ነገር ግን ጥገኝነትን የሚወስነው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ወይም ፍርድ ቤት ነው። ምግብ የሚያከፋፍለው፣ ቋንቋ የሚያስተምረው ወይም የሕግ ምክር የሚሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት በውሳኔው ውስጥ እጁ የለበትም። ጠበቃና ሐኪም ደግሞ በሙያቸው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ምስጢሩ የሚፈታው በጠባብ ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ።

በአንጻሩ "ማንም ለማንም አይናገርም" ብሎ ማረጋጋትም ልክ አይደለም። በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 87 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሥራቸው አጋጣሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው መኖሩን ካወቁ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት ከዚህ ግዴታ ነጻ የተደረጉት በ2011 ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ወረቀት የሌላት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ብታስመዘግብ አያሰጋትም፤ የማኅበራዊ ድጎማ ቢሮ ግን ያሰጋታል። ማንኛውም ቦታ ስም ከመስጠት በፊት "የምነግራችሁን ለማን ታስተላልፋላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ደኅና ድርጅት ጥያቄውን ለምዶታል፤ ብዙ ጊዜም ስም ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ምክር ይሰጣል።

"አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ከሆነ ወሬዬ ይወጣል፤ ልጄ ብታስተረጉምልኝ ይሻላል"

የዚህ አመለካከት ግማሹ እውነት ነው። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው የአክስትህ ጎረቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ ምስጢር ይጠብቃል፤ ምክርም ሆነ አስተያየት አይጨምርም። ያንን ካፈረሰ ቅሬታ ይቀርብበታል። ያም ሆኖ ካላመንከው ከመጀመሪያው መናገር ይቻላል። ሴት አስተርጓሚ፣ ሌላ ቋንቋ ወይም ዘዬ የሚናገር፣ ወይም ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብ ይጠየቃል። ጥያቄው ሁልጊዜ ላይሟላ ይችላል፤ መጠየቁ ግን ኬዝ አያበላሽም። ኬዝ የሚያበላሸው በደንብ በማይገባህ ቋንቋ ተመርምረህ ፈርመህ መውጣት ነው።

ልጅን ማስተርጎም ግን የባሰ ነው። እናት በልጇ ፊት ስለ መደፈር፣ ስለ ድብደባ ወይም ስለ ፅንስ መጨናገፍ አትናገርም፤ ሐኪሙ ወይም ጠበቃው ማወቅ ያለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንኑ ነው። ልጅቷም የመድኃኒት መጠን ብትሳሳት ጥፋቱን ዕድሜ ልክ የሚሸከም ትከሻ የላትም።

በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ አክብሮት ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ጥያቄው ሳይገባ ራስ መነቅነቅ እንደ ስምምነት ይመዘገባል። በቀን አቆጣጠር ልዩነት የተፈጠረ የዓመት ስሕተት በኋላ "ታሪኩን ለዋውጧል" ተብሎ ይነሣል። "አልገባኝም" ማለት፣ ቀኑን በራስ አቆጣጠር ተናግሮ ልወጣውን ለእነሱ መተው፣ ከመፈረም በፊትም ቃሉ መልሶ እንዲነበብ መጠየቅ የአመልካቹ ፋንታ ነው።

"በነጻ የሚሰጥ ምክር ዋጋ የለውም፤ ውስጥ ሰው ያለው ደላላ ይሻላል"

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር መልሶ ለማስፈር ምንም ክፍያ አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የድርጅቱ ሠራተኛ እንኳ ቢሆን እያጭበረበረ ነው። በየዓመቱ መልሶ ማስፈር የሚደርሳቸው ከዓለም ስደተኞች ከ1 በመቶ በታች ናቸው፤ ደላላው የሚነግደው በዚህ ጥበት ነው።

ታሪክ ጽፈው የሚሸጡም አሉ። የሌላ ሰው ታሪክ ገዝቶ የሸመደደ አመልካች በዝርዝር ጥያቄ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የገዛ ራሱ እውነተኛ መከራም አይታመንለትም። በብሪታንያ ፈቃድ ሳይኖር የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው። በአሜሪካ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰውን መወከል የሚችሉት ጠበቆችና በመንግሥት ዕውቅና የተሰጣቸው የድርጅት ተወካዮች ናቸው፤ ከእነዚህ ተወካዮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ነው። የትም ይሁን የት የምዝገባ ቁጥር መጠየቅ ይቻላል፤ የተቆጣ አማካሪ መልሱን ሰጥቷል።

"ድጎማ ከተቀበልኩ የመኖሪያ ፈቃድ አላገኝም"

እዚህ ላይ "አዎ" ወይም "አይ" ብሎ በድፍኑ የሚመልስ ሰው ካጋጠመህ ተጠንቀቅ። በአሜሪካ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች "የመንግሥት ሸክም ይሆናሉ ወይ" ከሚለው ምዘና በሕግ ነጻ ናቸው። ሆኖም በ2019 ደንቡ ሲጠብቅ፣ ከማይመለከታቸው ቤተሰቦች መካከል ሳይቀር ለልጆቻቸው የምግብና የሕክምና ድጋፍ መውሰድ የተዉ ነበሩ። ያ ደንብ በ2021 ቀረ። በብሪታንያ ግን ቪዛው ላይ የመንግሥት ድጎማ መጠቀም ክልክል ነው የሚል ማስታወሻ ያለበት ሰው ድጎማ ቢወስድ የቪዛውን ግዴታ ይጥሳል። በበርካታ አገሮችም ቤተሰብ ለማስመጣት ወይም ዜግነት ለመጠየቅ የገቢ መስፈርት አለ። የምግብ ባንክ፣ የቋንቋ ትምህርትና የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠው ልብስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሒሳብ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ይህ ወረቀትህን አይቶ ሊመልስልህ የሚችል የሕግ አማካሪ ጥያቄ ነው።

"ወረቀት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት፣ ወረቀት የሌለው በሽተኛ ሆስፒታል አይቀበለውም"

ከአሜሪካ በቀር ሁሉም የተባበሩት መንግሥታት አባላት ያጸደቁት የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት የትምህርት መብትን ያለ ልዩነት ለሁሉም ልጅ ይሰጣል። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል እንደማይቻል ወስኗል። በዚያው አገር በ1986 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል ሕመምተኛን የመክፈል አቅሙና የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን እንዲመረምሩና እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሂሳቡ ግን በኋላ ሊመጣ ይችላል።

"ዋናው አመልካች ባሌ ስለሆነ፣ ጥዬው ብወጣ ወረቀቴም አብሮ ይሄዳል"

ይህን አመለካከት ብዙ ጊዜ የሚያስፋፋው ደብዳቢው ራሱ ነው። ሚስቱ ላይ የሚይዘው ትልቁ መሣሪያ ስለሆነ ፓስፖርቷን ደብቆ ያንኑ ይደጋግምላታል። ሕጉ ግን በብዙ አገር ለዚህ በር ከፍቷል። በአሜሪካ በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት ሕግ፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ባል የሚያሠቃያት ሚስት ያለ ባሏ ዕውቅና በራሷ ስም እንድታመለክት ይፈቅዳል። በ2011 ኢስታንቡል ላይ ለፊርማ የቀረበው የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት አንቀጽ 59ም በትዳር ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ያላት ተጎጂ የራሷን የመኖሪያ ፈቃድ እንድታገኝ አንቀጹን የተቀበሉ አገሮችን ያስገድዳል። በባሏ የጥገኝነት ማመልከቻ ውስጥ የተካተተች ሴትም በብዙ ቦታ የራሷን ማመልከቻ ለይታ ማቅረብና ለብቻዋ ቃሏን መስጠት ትችላለች።

የሴቶች መጠለያዎች አድራሻቸውን በምስጢር ይይዛሉ፤ አብዛኞቹ ልጆችንም አብረው ይቀበላሉ። ከመውጣቷ በፊት የምስክር ወረቀቶችን፣ የሕክምና ማስረጃዎችንና የማስፈራሪያ መልእክቶችን ፎቶ አንሥታ ለምታምነው ሰው ብትልክ ለጠበቃዋ ብዙ ሥራ ታቀላለች። ሽማግሌ መላክ ያለ ነው፤ ግን ሽማግሌ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነፍግምም።

"ስደተኞች መሥራት ስለማይፈልጉ ነው የሚረዱት"

ይህ ደግሞ ከነዋሪው ወገን የሚሰማ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ በብዙ አገር ለወራት እንዳይሠራ በሕግ ይከለከላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2013 መመሪያ እገዳው ከ9 ወር እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር፤ በ2024 የጸደቀው አዲሱ መመሪያ ወደ 6 ወር ዝቅ አድርጎታል። ሥራ ከልክሎ ድጎማ መስጠትና ድጎማ በመውሰዱ መውቀስ አብረው አይሄዱም።

"ሪጀክት ከተደረግኩ አለቀ"

የመጀመሪያው ውሳኔ ሁልጊዜ የመጨረሻው አይደለም፤ በይግባኝ የሚሻሩ አሉ። ሰዎችን የሚጥላቸው ጊዜው ነው፤ በአንዳንድ አገሮች 2 ሳምንት፣ በፈጣን ሒደት ደግሞ 1 ሳምንት ብቻ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰበት ዕለት ስለሆነ ፖስታውን ከነቀኑ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቤት የለወጠና አድራሻውን ያላሳወቀ ሰው ደብዳቤው ሳይደርሰው ይግባኙ ሊያልፍበት ይችላል። ደብዳቤውን በያዙበት ቀን የሕግ ድጋፍ ቢሮ መሄድ እንጂ "ቅዳሜ የሚያነብልኝ ሰው አለ" ብሎ መጠበቅ አይገባም።

"በመንገድ የጠፋ ዘመድ ማፈላለግ ለመንግሥት መጠቆም ነው"

የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የተለያዩ ቤተሰቦችን በነጻ ያፈላልጋሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቁም። የሚፈለገው ሰው በሕይወት ከተገኘ አድራሻው ለፈላጊው የሚሰጠው እሱ ከፈቀደ ብቻ ነው።