«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና የመዳቡ ክር

ይህ ተረት ሲነገር ለብዙ ሰው የሚታየው የሸረሪት ድር ነው። እኔ ግን ድርና ማግ ስንል ያለው ድር፣ የሸማኔው ክር ይመስለኛል። የሸረሪቷ ገና ሲነኩት ይበጠሳል፤ የሸማኔው ግን ከተገመደ ገመድ ይወጣዋል፣ ማሰር ደግሞ የገመድ ሥራ ነው። «ያስራል» መባል የሚገባው «ያስር» ተብሎ የተቆረጠው ከ«ቢያብር» ጋር ቤት እንዲመታ ነው። ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል፦ ደካሞች ከተባበሩ ኃይለኛውን ይረታሉ።

የሚዘነጋው ግን እንዴት ያለ ማበር እንደሆነ ነው። ሠላሳ ክር ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ይረዝማል እንጂ አይጠነክርም። ሸክሙን የሚካፈለው ጎን ለጎን ሲሆን ነው። ይህን ከኤሌክትሪክ ገመድ አብልጦ የሚያሳይ አላየሁም።

«ባለ 1.5» የሚባለውን (የመዳቡ ስፋት 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነውን) ተጣጣፊ ገመድ ጫፉን ላጥ አድርጉት። ከላስቲኩ ሥር አብዛኛውን ጊዜ 30 ያህል የመዳብ ክር ብቅ ይላል፤ የአንዱ ውፍረት ሩብ ሚሊሜትር ነው። አንዱ ክር ብቻውን በሜትር 0.35 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው (ሬዚስታንስ የኮረንቲን ፍሰት የሚያግድ ተቃውሞ ነው፤ መለኪያው ኦም ነው)። ሠላሳው ጎን ለጎን ሲሆኑ ይህ ለ30 ይካፈልና 0.012 ኦም አካባቢ ይወርዳል። ጫፍ ለጫፍ ቢሆኑ በ30 ይባዛ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቮልቴጅ በሁለት ጫፎች መካከል ያለ ግፊት ነው፤ ኮረንቲ ደግሞ በዚያ ግፊት የሚሄደው ፍሰት ነው (ቃሉን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙም «የሚፈስ» ነው)። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እንዳሳተመው፣ ቮልቴጁ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ኮረንቲው ይገኛል። ሠላሳውም ክሮች የታሰሩት በእነዚያው ሁለት ጫፎች ስለሆነ ግፊቱ ለሁሉም እኩል ነው። 10 አምፔር (የኮረንቲ መለኪያ ነው) ቢመጣ እያንዳንዱ የሚሸከመው 0.33 ብቻ ነው።

ገመድ ስትልጡ ፒንሳው 10 ክር ቢቆርጥ «ገና 20 አለ» ብላችሁ አትለፉት። እኔም እንዲያ ብዬ አልፌ፣ የሶኬቱ አንገት ጠቁሮ አግኝቼዋለሁ። በዚያች ቦታ የቀሩት እያንዳንዳቸው ግማሽ አምፔር ይሸከማሉ፤ ሙቀት በኮረንቲው ስኩዌር ስለሚያድግ የአንዱ ክር ሙቀት 2.25 እጥፍ ይሆናል።

ተረቱ ግን ሌላም ገጽ አለው። በ220 ቮልት የሚሠራ፣ 22 ኦም የሆነ ምድጃ 10 አምፔር ይስባል። በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሦስት ስትሰኩ እነሱም ጎን ለጎን ናቸው፤ ጠቅላላ ሬዚስታንሳቸው ወደ 7.3 ኦም ይወርድና ኮረንቲው 30 አምፔር፣ የገመዱ ሙቀት ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። እዚህ ላይ ያበሩት ምድጃዎቹ ናቸው። ብሬከሩ ካልቀደመ የሚቀልጠው ላስቲኩ ነው።