ቶፒክ ሴንተንስ ምንድን ነው?

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክላስወርክ «ማይ ፌቨሪት ሙቪ» በሚል ርዕስ አንድ ፓራግራፍ ጻፉ ሲባል፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ ብዙው ደብተር ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የፊልሙ ስም ይመጣል፣ ቀጥሎ «ኢት ኢዝ ቬሪ ናይስ»፣ ከዚያ ታሪኩ ከሀ እስከ ፐ። ተማሪው ታሪኩን መተረክ የሚጀምረው ስለሰነፈ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ ሌላ የሚጻፍ ነገር ስላልሰጠው ነው። ቶፒክ ሴንተንስ የሚባለው ይኸው የሚጻፈውን የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ኃይለ ቃል ተብሎ የሚሰጠው ማለት ነው።

ቶፒክ ሴንተንስ ሁለት ነገር ይይዛል፦ ርዕሱን፣ እንዲሁም ስለ ርዕሱ የምንለውን። ፓራግራፉን የሚቆጣጠረው ሁለተኛው ነው። «ማይ ፌቨሪት ሙቪ ኢዝ» ብሎ ስም ጠርቶ ነጥብ ያስቀመጠ ተማሪ ርዕስ አለው፣ ሐሳብ ግን የለውም።

ፊልሙ ስለ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው እንበል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ መኪናው ይበላሽበትና ከረዳቱ ጋር መንገድ ላይ ያድራል። «ዚስ ሙቪ ኢዝ አባውት ኤ ድራይቨር» ብሎ የጀመረ ተማሪ ሾፌሩን እስከ ንጋት እየተከተለ ከመተረክ በቀር ምርጫ የለውም። «አይ ላቭ ዚስ ሙቪ ቢኮዝ ኢት ኢዝ ስኬሪ ዊዝአውት ኤኒ ፋይቲንግ» ብሎ የጀመረው ግን ሥራው ተለይቶለታል፤ ድብድብ ሳይኖር ምኑ እንደሚያስፈራ ማሳየት አለበት። የሌላ መኪና ጥሩንባ ይሰማል፣ መኪናው ግን አይታይም። የእጅ ባትሪው እየደከመ ይሄዳል። ለፍላፊው ረዳት ድንገት ዝም ይላል። ከታሪኩ ውስጥ እነዚህን ሦስቱን መርጦ ሌላውን ይተዋል።

ዓረፍተ ነገሩ ደህና መሆኑን ለማወቅ «እንዴት?» ወይም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሦስት ያህል መልስ ካለ ደህና ነው። ምንም መልስ ከሌለው፣ ለምሳሌ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ይፈጃል የሚል ከሆነ፣ መረጃ እንጂ ሐሳብ አይደለም። «ናይስ»፣ «ጉድ» እና «ኢንተረስቲንግ» ደግሞ ለየትኛውም ፊልም ስለሚሆኑ ለዚህኛው አይሆኑም። «ናው አይ ዊል ራይት አባውት» የሚለው መክፈቻም ቦታ ከመፍጀት በቀር ጥቅም የለውም። ኃይለ ቃል መሐል ወይም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል የሚለው ትምህርት ትክክል ነው፤ ለዚህ ክፍል ግን መጀመሪያ ላይ ማድረጉ ይሻላል፤ አለበለዚያ ተማሪው ሳይደርስበት ገጹ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው። ከቶፒክ ሴንተንሱ ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለታሪኩ፣ በፕረዘንት ሲምፕል። ሦስት ምክንያት፣ እያንዳንዱ ከአንድ ትዕይንት ጋር፣ ስድስት ዓረፍተ ነገር። አንድ መዝጊያ። ጠቅላላው 10 ነው።

በቶፒክ ሴንተንሱ መስመር ላይ የሚደጋገሙት የሰዋስው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአማርኛ የመጡ ናቸው። በአማርኛ «ምክንያቱም» ከአራት ነጥብ በኋላ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር ይችላል፤ ስለዚህ ተማሪው «አይ ላይክ ዚስ ሙቪ» ብሎ ነጥብ ያደርግና «ቢኮዝ ዘ ድራይቨር ኢዝ ብሬቭ» የሚለውን ለብቻው ያቆመዋል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ጎደሎ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነጥቡ ይነሳና ሁለቱ ይገጠማሉ። ፊልሙን «ሂ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ አማርኛ ግዑዙንም በወንድ ወይም በሴት ስለሚጠራ «ኢት» ይረሳል። «አይ አም ላይክ» ውስጥ ያለችው «አም» ትወጣለች። «ኢንተረስትድ» ለማለት «አይ አም ኢንተረስቲንግ» ያለ ተማሪ ደግሞ ሳያስበው ራሱን አሞግሷል።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል 60 ፓራግራፍ አርሞ ማድረስ የሚችል መምህር ጥቂት ነው። የሚያዋጣው በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ ለቶፒክ ሴንተንስ ብቻ መስጠት ነው። ተማሪው አንድ መስመር ይጽፋል፤ መምህሩ በዴስኮቹ መሐል እያለፈ ያችን ብቻ ያያል፣ «ለምን?» ይላል፣ መልስ ያጣውን እንደገና ያስጽፋል። የተፈቀደለት ይቀጥላል። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው «ለምን?» ቢጠያየቁ ደግሞ ይፈጥናል።

መብራት ካልገባበት ቀበሌ የሚመጣ ልጅ የሚወደው ፊልም ላይኖረው ይችላል። አንድ ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ወይም ስልክ ላይ ያያት አጭር ቀልድ ትበቃዋለች። ስሟን ባያስታውስም «ዘ ሙቪ አይ ሶው አት ማይ አንክልስ ሃውስ» ብሎ ጀምሮ የሚለውን ሐሳብ ከጨመረበት፣ ስም ጠርቶ «ናይስ» ካለው ይልቅ የተሻለ ቶፒክ ሴንተንስ ጽፏል፤ ማርኩም በዚያው ልክ ሊሰጠው ይገባል።