በጣና ዙሪያ በመኪና፦ ከባሕር ዳር የሚነሱ ውብ መንገዶች
ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሚሄድ እንግዳ ወረታ ሳይደርስ «ጣናስ የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ነው። ካርታ ላይ ሲታይ መንገዱ የሐይቁን ምሥራቅ ይዞ ይወጣል፤ በመስኮት የሚታየው ግን የፎገራ ሜዳ ነው። ዳርቻው ረግረግና ደንገል የበዛበት ነው፤ ክረምት ሲከብድ ደግሞ ጉማራና ርብ ከቦያቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ አስፋልቱ ውሃውን ሸሽቶ ነው የሚያልፈው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ሐይቁን አለማየት ያስቆጫል፤ የት መቆም እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ አካባቢ አገራችን ካሏት ውብ ጉዞዎች ብዙዎቹ የሚነሱበት ነው።

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ መንገዶችም አብዛኞቹ የተሠሩት ለሽርሽር አይደለም። የኢጣሊያው የስቴልቪዮ ተራራ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የተጠረገው የኦስትሪያ መንግሥት በወቅቱ የያዘውን ሎምባርዲን ከራሱ አገር ጋር ለማገናኘት ነው። ዛሬ ሰው ያንን ጠመዝማዛ ለመንዳት ብቻ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። አውስትራሊያ ውስጥ 243 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የውቅያኖስ ዳር መንገድ የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1932 ቆፈሩት፣ ለሞቱ ጓደኞቻቸውም መታሰቢያ አደረጉት። ኖርዌዮች ደግሞ የነበሯቸውን መንገዶች መርጠው 18 የቱሪስት መስመር ብለው ሰየሙና ገደል አፋፍ ላይ መቆሚያና ማያ ሠሩላቸው። እኔን የሚያስቀናኝ ይኸኛው ነው። ገደሉማ እኛም ጋ አለ፣ መኪና ጥግ አስይዞ ቆሞ ማየት ነው የሚቸግረው።

ወደ ጎንደር እንመለስ። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፎገራ ላይ መስከረም ሩዙ አረንጓዴ ነው፣ ኅዳር ላይ ወርቅ ይመስላል፣ ከዚያ ታጭዶ ይከመራል። በሽንኩርት ወቅት ወረታ አካባቢ ቀይ ሽንኩርት መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ራሱ ሳይገዛ አያልፍም። አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ ሜዳው ያልቅና ዳገቱ ይጀምራል። እዚያ ጋ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ ከሩቅ ጣት የቀሰረ ይመስላል፣ ኩርባውን ሲዞሩት ቅርጹን ይቀያይራል። በማክሰኝት አዘዞ ከዚያም ጎንደር። ጎንደርን አልፎ ደባርቅ የደረሰ ሰው ደግሞ ጣሊያን ከገደሉ ላይ የጠረበውን ሊማሊሞን ያገኛል።

ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ከታጠፉ ሌላ አገር ነው። ይህ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ነው፤ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና ያልፋል። ከጋሸና ደግሞ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና ከጎን ይታያል፣ ጠዋት ጉም ካልዋጠው። ይህን መስመር ስሄድ ሁሌም የማስበው ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለመውሰድ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየጠረጉ ሄዱ፤ ጂዳንና በሽሎን የመሰለ ገደል በሰው ጉልበት እየተቆፈረ፣ መድፉ እየተጎተተ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። ወራት ፈጀ። በመኪና ተቀምጦ ዳገቱን የሚያማርር ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

በደቡብ በኩል በመራዊና በዳንግላ አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚወጣው መንገድ ቀዝቃዛና ለምለም ነው። አገው ምድር ፈረስ የሚከበርበት አገር ነውና ገበያ ቀን ያጌጠ ፈረስ ከመኪናው ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ይታያል። ከእንጅባራ ትንሽ አለፍ ሲሉ ዘንገና አለ፤ በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ። ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም፣ ግን ብዙ መኪና ሳያየው ያልፋል። እባካችሁ ውረዱና እዩት።

በዚሁ መስመር ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ሲደርሱ የዓባይ በረሃ ይመጣል። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ በአንዱ በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ፣ በሌላው ያንኑ መውጣት ነው። አፋፉ ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፣ ታች ድልድዩ ጋ ሸሚዝ ይከብዳል፣ ዝንጀሮዎች ደግሞ መንገድ ዳር ተቀምጠው አላፊውን ይቆጥራሉ። ቁልቁለቱን ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ አደጋ ነው። ከባድ መኪና የሚነዱ ሾፌሮች ማርሽ ቀንሰው ዝግ ብለው ነው የሚወርዱት፤ ፍሬን ሲግል የሚሸተውን የተቃጠለ ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

ጢስ ዓባይ ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፏፏቴው 40 ሜትር አልፎ ይወርዳል፤ ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው መሄድ።

ወቅቱን ከጠየቃችሁኝ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ አደይ አበባውም አለ፣ ጭቃውም ደርቋል። ሌሊት አትንዱ፣ መንገድ ላይ ከብትም ሰውም አለ። ክልሉ ውስጥ ባለው የጸጥታ ችግር የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለና ከመነሳት በፊት በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው።

መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ቤዛዊት አለላችሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፣ ከከተማው የደቂቃዎች መንገድ። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ውጡ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ፣ ከኋላው ጣና። መንገዱ ሙሉ ቀን የደበቀው ሐይቅ እዚያ ጋ ፀሐይ ሲያርፍበት መዳብ ይመስላል፤ ዕድል ካላችሁ ከታች ከወንዙ ጉማሬ ራሱን ብቅ ያደርጋል።